አሥራ ሰባት ቁጥር ካፖርት

ደባርቅ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለአገርነሽ፣ አፉላ

እንዴት ከረምሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ሃያ አንድ ዓመት «ከረመ» አይባልም። እንግዲህ ሁሉንም በአንድነት ልጠይቅሽ። አንቺ እንዴት አለሽ? ባለቤትሽ ይስማው፣ ልጆችሽ፣ በሕይወት ካሉም እናትሽ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ።

አድራሻሽን የሰጠኝ የአጎትሽ ልጅ ዘመነ ነው። የአባቱን መቃብር ሊያይ ከእስራኤል ዳባት መጥቶ ሳለ እስከ ደባርቅ ዘልቆ ቤቴን አጠያይቆ መጣ። ሰው ሳይረሳኝ እንዲህ ሲፈልገኝ ደስ አለኝ። ወንበር እንደያዘ «አገርነሽ አደራ ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ ሸጊቱ አሁን በምን ትተዳደራለች?» አለኝ። ለእሱ በአፌ የነገርኩትን ላንቺ በጽሑፍ ልድገመው። አስተምራለሁ። እዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ የልብስ ስፌት አሰልጣኝ ነኝ። አሥራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከበየዳ፣ ከጃናሞራ፣ ከዳባት ገጠር የሚመጡ ልጆች መቀስ አያያዝ ከእኔ ጀምረው ሙሉ ልብስ ሰፍተው ይወጣሉ። ከመካነ ብርሃን በእግሯ ሁለት ቀን ተጉዛ የመጣች ውቢት የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ ዛሬ እሷም ከጎኔ አሰልጣኝ ሆናለች።

አሁን ግን መመሪያ ወርዷል። አሰልጣኝ የተባለ ሁሉ በሁለት ነገር ይጣራል። አንደኛው ምዘና ነው፤ እዚህ ሲኦሲ ይሉታል። መዛኝ ፊት ተቀምጠሽ የምታስተምሪውን ሙያ በእጅሽ ሠርተሽ ታሳያለሽ። እሱን አልፈራውም። ሁለተኛው የመነሻ ትምህርት ማስረጃ ነው። ሙያውን መጀመሪያ የተማርሽበት ወረቀት ትክክለኛ መሆኑ ከሰጠው ቦታ ተረጋግጦ መምጣት አለበት። የእኔ ወረቀት የዳባቱ የሴቶች የእጅ ሥራ ማሰልጠኛ ነው። ማሰልጠኛው በ83 ጦሩ ሲያልፍ እንደተዘጋ ቀርቷል፤ መዝገቡም የለም። ኃላፊያችን እትዬ አበባየሁም ዐርፈዋል።

ኮሌጁ እንዲህ ለቸገረው ሰው አንድ በር ትቶለታል። አብሮ የተማረ ሰው በጽሑፍ ከመሰከረ፣ ውጭ አገር ያለም ከሆነ በኤምባሲ ማህተም አስመትቶ ከላከ ይቀበላሉ። የክፍላችንን ልጆች ፈለግኩ። ግማሾቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። ሁለቱን ዳባት አግኝቻቸው ነበር፤ «ፈተናው ላይ አንቺን ማየታችን ትዝ አይለንም» አሉኝ። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። በ1982 ሰኔ ተፈትኜ ማለፌን ብቻ ጻፊልኝ። ሌላውን አንቺም እኔም እናውቀዋለን፤ ወረቀት ላይ አናስፍረው።

ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ በችግሬ ስለመጣሁብሽ ይቅር በይኝ።

ሸጊቱ


አፉላ፣ ኅዳር 19 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለሸጊቱ

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሰንበት ሊገባ ሲል ነው። ሰንበትን አሳልፌ መልስ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

እናቴ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል። እስክትሞት ድረስ ሸክላ ልሥራበት እያለች አፈር አምጡልኝ ትለን ነበር። እዚህ አፈር የሚሸጠው በላስቲክ ታሽጎ ነው፤ ስናመጣላት ዳሰሰችው፣ አሸተተችውና መለሰችልን። ይስማው ደህና ነው። ወንዱ ልጄ ኢታማር ወታደር ሆኗል። ሴቷ ታሊያ አሥራ ስምንት ሞላት። እኔ በጉልበቴ እሠራለሁ።

ተፈትኜ ማለፌን ጻፊልኝ ብለሻል። የማውቀውን ልጻፍልሽ፤ ምናልባት በዕድሜ ብዛት ተምታቶብሽ ይሆናል።

በዚያ ሰኔ አንቺ በተስቦ ተይዘሽ ተኝተሽ ነበር። ፈተናው የሦስት ቀን ሥራ ነበር፤ አንድ ካፖርት ከነገበሩ። ተፈታኝ የሚታወቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነበር፤ አንቺ አሥራ ሰባት፣ እኔ አሥራ ስምንት። በዋዜማው እናትሽ እማማ ፋንታዬ ቤታችን መጡ። ከዚያ በፊት ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። አባቴ ከወናፉ ተነሥቶ በርጩማ አቀረበላቸው። እናቴ ውሃ ብትሰጣቸው «ጠጥቻለሁ» አሉ። ያን ሁሉ አቀበት ወጥተው ከንፈራቸው ደርቆ ነበር።

«ይህ ካመለጣት ልጄ ሌላ ዕድል የላትም» አሉኝ። «አንቺ ወደ እየሩሳሌም ትሄጃለሽ። እዚያ የዳባትን ወረቀት ማን ይጠይቅሻል?»

አመንኳቸው። ሦስቱንም ቀን ያንቺን ካፖርት ሰፋሁ። እትዬ አበባየሁ አዩኝ፤ አይተውም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የእኔ ካፖርት ያለ እጅጌ ቀረ። አንቺ ወረቀቱን ወሰድሽ፤ እኔ ባዶ እጄን ከቤተሰቤ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ከዚያም ወደዚህ።

እንግዲህ ምን ብዬ ልመስክር? ከፈተናው ቀርተሽ ነበር ልበል፣ አልቀረሽም ልበል?

ይህን ከመመለሴ በፊት እኔ የምጠይቅሽ አለኝ። በ1988 ሰኔ ላይ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። አንድ ነገር ለምኜሽ ነበር። መልስ አልመጣም። ደርሶሽ ነበር ወይስ አልደረሰሽም? እሱን ንገሪኝና ስለ ምስክርነቱ እንነጋገራለን።

አገርነሽ


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2004 ዓ.ም.

እህቴ አገርነሽ

የእናትሽን ዕረፍት ከደብዳቤሽ ሳነብ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ዋልኩ። ነፍሳቸውን ይማር። የእኔም እናት ካረፉ ቆዩ። ባለቤቴ ቢራራም ከሞተ ሰባት ዓመት አለፈው። ከአንዲት ልጅ ጋር ነው የቀረሁት፤ ሕሊና ትባላለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት።

የጻፍሽው ሁሉ ልክ ነው፤ አልተምታታብኝም። ውለታሽን አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም።

ስለ 1988ቱ ደብዳቤ ጠይቀሽኛል። አልደረሰኝም። ያን ጊዜ ፖስታ ከጎንደር የሚመጣው መኪና ሲገኝ ነበር፤ ስንቱ ደብዳቤ መንገድ ላይ ቀርቷል። ቢደርሰኝ ዝም የምልሽ ሰው ነኝ? የአሰልጣኝነቱን ኮርስ ገብተሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንቺም እንደ እኔ መምህር ነበርሽ። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። በጉልበቴ እሠራለሁ ያልሽውም ልቤን ነክቶታል፤ እኔ የራስሽ መኪና ይዘሽ ቤትሽ ውስጥ እየሰፋሽ ትኖሪያለሽ ብዬ ነበር የማስበው።

እዚህ ነገሩ እየጠበበ ነው። ባለፈው ሰኞ የኮሌጁ ዲን አቶ የሺዋስ አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ፋይልዎ አንድ ወረቀት ይጎድለዋል» አለኝ።

«አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ማስተማሬን ፋይሉ አያውቅም?»

«ያውቃል። የሚጠይቀው ግን ከየት እንደተነሡ ነው።»

«ያስተማርኳቸው ልጆች ጎንደር ሱቅ ከፍተው ይሰፋሉ። እነሱን ጠይቅ።»

«እነሱም የየራሳቸው ፋይል አላቸው» አለኝና ሳቅ አለ። ወዲያው ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ በር ድረስ ሸኘኝ። «እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ልጠብቅዎት እችላለሁ። ከዚያ በላይ እኔም እጠየቅበታለሁ።»

ውቢት ይህን ሰምታ «እኔ ያለ እርስዎ እዚያ ክፍል አልቆምም» ትለኛለች። ልጅነት ነው። መቆሟ አይቀርም።

አገርነሽ፣ ይህ ሥራ ከእጄ ከወጣ ሌላ የለኝም። ሦስት መስመር ብቻ ነው የምለምንሽ።

ሸጊቱ


አፉላ፣ የካቲት 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ሸጊቱ

«አልደረሰኝም» ያልሽውን አነበብኩ። ከሱ ዝቅ ብሎ ያለውንም አነበብኩ። «የአሰልጣኝነቱን ኮርስ ገብተሽ ቢሆን ኖሮ» ብለሻል።

ባለፈው ደብዳቤዬ ውስጥ ኮርስ የሚል ቃል የለም። ለዘመነም አልነገርኩትም፤ ከይስማው በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ስለ ኮርሱ የጻፍኩት በ1988ቱ ደብዳቤ ላይ ብቻ ነው። ያልደረሰሽን ደብዳቤ አንብበሽዋል ማለት ነው።

እንግዲያው የሆነውን ልንገርሽ፤ ያኔ አልጠየቅሽኝም። እዚህ አፉላ ውስጥ ለመጤ ሴቶች ስፌት የሚያስተምሩ መምህራን ሊያሠለጥኑ ዘጠኝ ሴቶች መረጡ። አንዷ እኔ ነበርኩ። መራጯ ሴትዮ ጨርቅ ሰጠችኝ፤ የሰፋሁትን ገልብጣ ከውስጥ በኩል አየችው። ባለሙያ መሆኗን በዚያ አወቅኳት።

«የት ተማርሽ?» አለችኝ።

«ዳባት።»

«ማህተም ያለበት አንድ ወረቀት አስመጪ። የማለፊያ ባይሆንም፣ መማርሽን የሚል ይበቃኛል» አለች።

ያንቺን ወረቀት መልሺልኝ አላልኩሽም፣ ሸጊቱ። ሁለት ዓመት እዚያ ተምራለች የሚል አንድ መስመር ነው የለመንኩሽ። ሴትዮዋ አምስት ወር ቦታዬን ይዛ ጠበቀችኝ። እኔም በየቀኑ የፖስታ ሣጥን እከፍት ነበር። በስድስተኛው ወር ለሌላ ሰው ሰጡት።

አሁን የምሠራው እዚያው ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። አጸዳለሁ። ጠዋት ጠዋት የስፌቱን ክፍል ወለል እወለውላለሁ፤ ከመኪናዎቹ ሥር ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅማለሁ። ተማሪዎቹ እጅጌ አዙረው ሲገጥሙ የማይበት ቀን አለ። የጽዳት ሠራተኛ ስለ እጅጌ አትናገርም።

ዳባት ሳለን በምሳ ሰዓት ልጆቹ ከእኔ ራቅ ብለው ይቀመጡ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የቀጥቃጭ ልጅ ናት፣ ዓይኗ ይበላል ይሉ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጪው አንቺ ብቻ ነበርሽ። እሱን አልረሳሁትም፤ ሦስት ቀን አንገቴን ደፍቼ የሰፋሁልሽም ስለ እሱ ነው እንጂ ስለ እናትሽ ልመና አልነበረም። ነገር ግን ከእናቴ እጅ ውሃ ያልጠጡት እናትሽ በእጄ እንጀራ በሉ። አንቺም አሥራ ስድስት ዓመት በላሽ።

ምስክርነቱን አልጽፍም።

አገርነሽ


ደባርቅ፣ መጋቢት 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

አገርነሽ

ሰላምታ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኳቸው። ያለ ሰላምታ ተቀበይኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ፖስታ ቤት ሄጄ በእጄ ተቀበልኩት። መንገድ ዳር ቆሜ አነበብኩት፤ ዝናብ መጣና ጡቴ ሥር አደረግሁት።

ያን ጊዜ የማሠልጠኛው ዕቃ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ በነበረው ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ታጉሮ ተቀምጦ ነበር። እኔ እዚያ ነበር የምሠራው። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር፤ ማህተሙም እኔ ጋ ነበር። ሄጄ መዝገቡን አወጣሁት። አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ሸጊቱ፣ «አልፋለች»። አሥራ ስምንት ቁጥር፣ አገርነሽ፣ «ሥራዋን አላጠናቀቀችም»። የእትዬ አበባየሁ እጅ ጽሑፍ ነው። አሥራ ስምንት ላይ ሲደርሱ ብዕሩን ጫን ብለውት ወረቀቱ ሊበሳ ነበር።

«ሁለት ዓመት ተምራለች» ብዬ ማህተም ብመታልሽ ማንም ምንም አይለኝም ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚመጣብኝ ነገር አልነበረም። ግን በዚያው ሰሞን በአሠልጣኝነት ልቀጠር ስሜ ተለጥፎ ነበር፤ ሕሊናንም አርግዤ ነበር። መዝገቡ አንዴ ከተነሣ አንዱ ሰው «ይህቺ ጎበዝ ልጅ ለምን አላጠናቀቀችም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ደብዳቤሽን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሳምንት ሳይሞላ መዝገቡንም ቤት ወስጄ አቃጠልኩት። የቆዳ ልባሱ እሳት አልያዘ ብሎ ቤቱን በጭስ ሞላው፤ ቢራራ ምንድን ነው የሚሸተው ቢለኝ አሮጌ ጫማ ነው አልኩት።

መዝገቡ የለም ብዬ ስጽፍልሽ እውነቴን ነበር። ማን እንዳጠፋው አልነገርኩሽም እንጂ። ዛሬ አምጪ የሚሉኝ ያንኑ መዝገብ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። ከተስቦው ስነሣ ወረቀቱን ከነካፖርቱ ሰጡኝ። ወረቀቱ የእኔ አለመሆኑን ስለማውቅ ካፖርቱን ፈታሁት። እያንዳንዱን ስፌት እያየሁ ፈታሁትና መልሼ ሰፋሁት። አምስት ጊዜ ፈትቼ አምስት ጊዜ ሰፋሁት። ጨርቁ እስኪሳሳ ድረስ። እጅጌ አገጣጠም፣ የኮሌታ አቀማመጥ፣ ገበሩ ሳይጎትት እንዲተኛ ማድረግ፣ ሁሉንም የተማርኩት ከዚያ ነው። ለተማሪዎቼ የማስተምረውም እሱኑ ነው።

ባለፈው ወር ጎንደር ሄጄ ተመዘንኩ። ጃኬት ነበር የደረሰኝ። መዛኟ ገልብጣ አየችውና «ይህን እጅጌ እንዲህ መግጠም ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። «አንዲት የዳባት ልጅ» አልኳት። ስምሽን አልጠራሁም። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ምዘናውን ግን አልፌአለሁ፤ በራሴ እጅ ያገኘሁት ወረቀት እሱ የመጀመሪያዬ ነው።

ምስክርነት ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። ኮሚቴው ከፋሲካ በኋላ ይሰበሰባል። እዚያ ቆሜ እንደነበረው እናገራለሁ። በዚህ ይቅር በይኝ ልልሽ አልደፍርም።

ሸጊቱ


ደባርቅ፣ ግንቦት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

አገርነሽ

ካንቺ መልስ ሳይመጣ ሁለተኛ የምጽፈው የሆነውን ነገር ማመን ስላቃተኝ ነው።

ኮሚቴው ሚያዝያ 24 ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ውቢት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበረች። ወንበር ሰጥተውኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም። ስለ ተስቦው፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ካፖርቱ፣ ማን እንደሰፋው፣ መዝገቡንም ማን እንዳቃጠለው ተናገርኩ። ስምሽን ከነአባትሽ ጠራሁ። ስጨርስ የውቢት እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀርቷል።

አቶ የሺዋስ ፋይሌን ከፈተና አንድ ወረቀት አወጣ።

«ወይዘሮ አገርነሽ የሚሏቸው እኚህ ናቸው?» አለኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምስክርነት ነው። በኤምባሲ ተመትቶ ባለፈው ሳምንት በቀጥታ ለኮሌጁ ደረሰ።» ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሸጊቱ በሰኔ ወር 1982 ዓ.ም. የተሰጠውን ፈተና አጠገቤ ተቀምጣ ወስዳ ማለፏን በዓይኔ አይቻለሁ ይላል።

«ሐሰት ነው» አልኩ።

«ማህተም አለው።»

«እኔው ራሴ እየነገርኳችሁ ነው እኮ።»

«እርስዎ እየተናገሩ ነው፤ ይሄ ግን ተጽፏል» አለኝ። «ሰው በራሱ ላይ በአፉ የተናገረውን እኔ የት ልፋይለው? ልናገረው የሚገባኝን ልንገርዎት፤ ይህ ምርመራ ለወራት አስጨንቆዎታል፤ ደክሞዎታል። ፋይልዎ ተሟልቷል። ይሂዱና ያስተምሩ።»

ከአምስቱ አንዱ «የዛሬው ቃል በቃለ ጉባኤ ይያዝ?» ብሎ ጠየቀ። «አይያዝ» አሉ ሌሎቹ። ውቢት የጻፈችውን ቀደደችው። ስትቀድ አላየችኝም።

በማግስቱ ማመልከቻ ይዤ ተመለስኩ። ያ ምስክርነት ይውጣልኝ፣ በምዘናው ወረቀት ብቻ መድቡኝ አልኩ። በምዘና ብቻ አሠልጣኝ መሆን አይቻልም፤ የወርክሾፕ ረዳት ነው የሚኮነው አሉኝ። «ያበዱ መስለው ነው የሚታዩኝ» አለኝ አቶ የሺዋስ፤ በመጨረሻ ግን ፈረመ። እንግዲህ ከግንቦት አንድ ጀምሮ ረዳት ነኝ። መኪና ዘይት እቀባለሁ፤ መርፌ እቀይራለሁ፤ ክር አከፋፍላለሁ። ውቢት ፊት ለፊት ቆማ ታስተምራለች። የእኔን ቃል በእኔ አነጋገር ስትናገረው ከኋላ እሰማለሁ። ተማሪዎቹ ዛሬም «ቲቸር» ይሉኛል፤ አትበሉኝ እላለሁ።

ለምን ጻፍሽልኝ? አልጽፍም ብለሽኝ ነበር። የኑዛዜ ደብዳቤዬ ደርሶሽ ይቅር ብለሽኝ ነው? እኔም እንዳልተጠቀምኩበት ዕወቂልኝ። አሁን አንቺም ወለል ታጸጃለሽ፣ እኔም ከመኪና ሥር ክር እለቅማለሁ። እኩል ሆንን ብዬ ትንሽ ዕረፍት አገኘሁ።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ሸጊቱ


አፉላ፣ ሰኔ 28 ቀን 2004 ዓ.ም.

ሸጊቱ

ይቅር ብለሽኝ ነው ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን አይተሽ ቢሆን ይገባሽ ነበር። ምስክርነቱን የሰጠሁት መጋቢት 20 ነው። የኑዛዜሽ ደብዳቤ የደረሰኝ ፋሲካችን ካለፈ በኋላ ነው። ስመሰክርልሽ መዋሸትሽን አውቄ ነበር፤ እውነቱን ግን ገና አልነገርሽኝም ነበር።

ለምን እንደጻፍኩት ልንገርሽ። በዚያ ሰሞን ታሊያ ወደ ውትድርና ከመሄዷ በፊት ስለ እኔ የማታውቀውን ስትጠይቀኝ ሰነበተች። «እማ፣ በእኔ ዕድሜ ምን ትሠሪ ነበር?» አለችኝ።

«ካፖርት ሰፍቼ ነበር።»

«የታለ?»

«ደባርቅ መምህር ሆኗል» አልኳት። ሳቀች፤ አልገባትም። እኔ ግን ከተናገርኩት በኋላ ገባኝ። ከሠራሁት ሁሉ በቁሙ ያለው እሱ ብቻ ነው። ከበየዳና ከጃናሞራ የሚመጡ ልጆች የሚማሩት ከእሱ ነው። አንቺን ሲያባርሩሽ የሚባረረው እሱ ነው። ስለዚህ ለአንቺ ብዬ አይደለም። የአንድ ቀን ደመወዜን ትቼ ታሊያን አስከትዬ በአውቶቡስ ወደ ኤምባሲ ሄድኩ።

ጸሐፊው ወጣት ነው። ጽሑፉን አይቶ «ምስክሯ እርስዎስ በዚያ ዓመት ተመርቀዋል?» አለኝ።

«አልተመረቅኩም።»

«ለምን?»

«ሥራዬን አላጠናቀቅኩም» አልኩት።

«እሳቸው አጠናቀዋል?»

«አዎ፤ አጠናቃለች።»

ይህን በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። በጣቴ ጭምር ፈረምኩበት። ታሊያ አጠገቤ ቆማ ሰማች። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን ያዘችና «ምንም አይደለም እማ፣ ፈተና ሁሉም ሰው አይሆንለትም» አለችኝ። ልጄ አጽናናችኝ። ያ ወረቀት ያስከፈለኝ ይህን ነው። አንቺ ደግሞ አስወጥተሽ ጣልሽው።

እኩል ሆንን ብለሻል። እኩል አይደለንም። አንቺ አሥራ ስድስት ዓመት ቆመሽ አስተማርሽና በፈቃድሽ ወረድሽ። እኔ የምወርድበት ደረጃ አልነበረኝም። አንቺ መርፌ ስትቀይሪ እኔ መጥረጊያዬን አላስቀምጥም። ዝቅ ያልሽው ለራስሽ ዕረፍት ነው፤ ማረፍሽንም ጽፈሽልኛል። ለእኔ ያደረግሽው መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። የካፖርቱን እንጀራ ከነጉዳቱ ይዘሽ ብታስተምሪ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ኮሚቴው ተመለሺ አልልሽም። ያ ያንቺና የእነሱ ጉዳይ ነው። ምን ልካስሽ ብለሽም አትጻፊልኝ፤ የምትልኪልኝ ነገር የለም።

ነገር ግን ዘመነ ሲመለስ አንድ ነገር ነግሮኛል። ዳባት የሚያውቁኝ ሰዎች ስለ እኔ ሲጠይቁሽ «እየሩሳሌም ገባች፣ ተመችቷታል» ትያቸዋለሽ አሉ። ዳግመኛ እንደዚያ አትበይ። ቅዳሜ ዳባት ገበያ ወርደሽ፣ እነዚያን «ፈተናው ላይ ማየታችን ትዝ አይለንም» ያሉሽን ሁለቱንም ጠርተሽ፣ «ከሁላችን በላይ የምትችለው አገርነሽ ነበረች፤ ሙያዋን የወሰድኩባት እኔ ነኝ» በያቸው። ኮሚቴ ፊት እንደተናገርሽው ተናገሪ። እነሱ ማህተም አይጠይቁሽም።

ለልጄ እውነቱን እኔ እነግራታለሁ። የዳባቱ ያንቺ ነው።

አገርነሽ